ከድጎማ ወጥቶ ወደ ካዝና የሚመለስ ግብር፦ የአፋር ክልል ገቢ በዘመናት ውስጥ

በጅቡቲ መንገድ ዳር ገዋኔ ላይ ለቆመ ሰው የኢትዮጵያ ንግድ በፊቱ ያልፋል። ሽቅብ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ፣ ኮንቴይነር የተሸከመ ከባድ መኪና ይወጣል፤ ቁልቁል ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ይወርዳል። ከአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ ከዚያም ብዙው በጋላፊ ገብቶ ሰመራን፣ ሎጊያን፣ ሚሌንና ገዋኔን አቋርጦ አዋሽ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ሀብት ገዋኔ ግብር የምትቀበለው ሾፌሩ ምሳ ከበላበት ምግብ ቤት፣ ሻይ ከጠጣበት በረንዳና ጎማ ካስጠገነበት ጎሚስታ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ይህ ዳሰሳ የአፋርን ምድር የግብር ታሪክ ተከትሎ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ክልሉ «የራሴ ገቢ» ብሎ በሪፖርት ከሚያቀርበው ውስጥ በእርግጥ የራሱ የሆነው ምን ያህሉ ነው? የዚህ ገቢ ዋና ምሰሶ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀነሰው የሥራ ግብር ነው። ደመወዙ ደግሞ በአብዛኛው የሚከፈለው ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ነው። ስለዚህ ድጎማው ሲጠብ የራስ ገቢ የተባለውም አብሮ ይጠብባል። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከብት፣ ጥጥና የማዕከል ካዝና (ከ1936 እስከ 1983)

ዘመናዊው የገቢ ግብር የተጀመረው ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ በ1936 በወጣው የግልና የንግድ ሥራ ግብር አዋጅ ነው። በ1946 የከብት ግብር አዋጅ ተከተለ፤ በ1953 ደግሞ የገቢ ግብር ሕጉ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለውን ቅርጽ ያዘ። በዚያ ዘመን አፋር የሚባል የአስተዳደር ክልል አልነበረም። ሕዝቡ በሐረርጌ፣ በወሎ፣ በሸዋና በትግራይ ጠቅላይ ግዛቶች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። ከብቱ የሚቆጠረውም ግብሩ የሚገባውም ለማዕከሉ ነበር፤ ዘላን አርብቶ አደርን ተከትሎ መንጋ ቆጥሮ ግብር ማስከፈል ግን ከወረቀት ያለፈ አቅም የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በ1950ዎቹ የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ ምድር ሆነ። ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ በመካከለኛው አዋሽም በመልካ ሰዲና በአሚባራ ሰፋፊ እርሻዎች ተዘረጉ፤ ወረር ላይ የምርምር ማዕከል ተከፈተ። የግጦሽ መሬቱ ከአርብቶ አደሩ እጅ ወጣ፤ ከጥጡ የተገኘው ትርፍና ግብር ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በ1967 ደርግ መሬት ሲወርስ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ በ1968 የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ የገንዘቡ መድረሻ ግን ያው ነበር። በሸለቆው ውስጥ ሀብት መመረቱና የሸለቆው አስተዳደር ገቢ ማግኘቱ ከመጀመሪያውም የተገናኙ ነገሮች አልነበሩም።

መስመሩ ሲሰመር (ከ1985 እስከ 1987)

ክልሎች የራሳቸው ግብር እንዲኖራቸው ያደረገው የመጀመሪያው ሕግ በሽግግሩ ዘመን፣ በ1985 የወጣው የገቢ ክፍፍል አዋጅ ቁጥር 33 ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህንን ክፍፍል በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 አጸናው። የመጀመሪያው የፌዴራሉን፣ ሁለተኛው የክልሎችን፣ ሦስተኛው የጋራውን ይዘረዝራል።

የክፍፍሉን መንፈስ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፦ ግብሩ ለማን እንደሚገባ የሚወሰነው ገቢው በተገኘበት ቦታ ሳይሆን በአሠሪው ወይም በድርጅቱ ባለቤት ማንነት ነው። የክልል መንግሥት ሠራተኛና የግል ድርጅት ተቀጣሪ የሥራ ግብር ለክልሉ ይገባል። የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ግብር ለፌዴራሉ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ሲሆን፣ የኩባንያ ትርፍ ግብር የጋራ ነው። ጉምሩክ፣ የአየርና የባቡር ትራንስፖርት እንዲሁም የፌዴራል የልማት ድርጅቶች ግብር የፌዴራሉ ነው።

ይህንን መስመር በአፋር ካርታ ላይ ብናስቀምጠው ክልሉ ከእጁ ያመለጠውን በዓይኑ ያያል። ሚሌ ላይ ያለው ጉምሩክ የፌዴራሉ ነው። የከሰምና የተንዳሆ ስኳር ፋብሪካዎች ግብር የፌዴራሉ ነው። አዋሽን የሚያቋርጠው ባቡር ገቢም እንዲሁ። ከ2000 ጀምሮ ሰመራ ላይ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ፣ በሰመራ ሙቀት የሚኖረውና ልጁን በሰመራ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር የሥራ ግብሩ የሚገባው ለአዲስ አበባ ነው። በመንገዱ የሚያልፉት ተሳቢዎች ባለቤቶችም ቢሆኑ አብዛኞቹ የተመዘገቡትና ግብር የሚከፍሉት ሌላ ቦታ ነው። ለክልሉ የቀሩለት የሱቅና የሆቴል ነጋዴዎች፣ የመሬት ኪራይ፣ የማዕድን ሮያሊቲና የራሱ ሠራተኞች ናቸው።

ቀመር፣ ቆጠራና ወረዳ (ከ1987 እስከ 2008)

ለክልሎች የተሰጠው የገቢ ምንጭ ከተሰጣቸው ሥራ ጋር እንደማይመጣጠን ከመጀመሪያውም ይታወቅ ነበር። ትምህርት፣ ጤና፣ ውኃ፣ ግብርና በአብዛኛው የክልል ኃላፊነት ሆነዋል፤ ትልልቁ ግብር ግን ማዕከል ላይ ቀርቷል። ክፍተቱን የሚሞላው ድጎማ ነው፤ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በቀድሞዎቹ ቀመሮች ውስጥ ከግማሽ በላይ ክብደት የያዘው የሕዝብ ብዛት ነበር። ሕዝቡ ጥቂት፣ ምድሩ ሰፊ ለሆነ ክልል ይህ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጤና ኬላ ለማቆም የሚወጣው ወጪ በሕዝብ ብዛት ልክ አይቀንስም። በኋላ የመጡት ቀመሮች የወጪ ፍላጎትንና ገቢ የመሰብሰብ አቅምን በማነጻጸር ጉዳቱን ለማለዘብ ሞክረዋል። የአፋር ድርሻም ከጠቅላላው ድጎማ 3 በመቶ ገደማ ላይ ቆይቷል።

የቁጥሩ መሠረት ግን አርጅቷል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ ዘግይቶ በኅዳር 2000 ተከናወነ። በዚያ ቆጠራ የአፋር ሕዝብ ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተላልፎ እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ የዛሬው ድጎማ የሚታሰበው ከቆጠራ በተነሳ ትንበያ ላይ ሆኖ፣ ትንበያው የተነሳበት ቆጠራ ራሱ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

በ1994 የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር በትልልቆቹ አራት ክልሎች ተጀመረ፤ አፋርን ጨምሮ «ታዳጊ» የተባሉት ክልሎች ዘግይተው ተከተሉ። ከ1997 ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋርጠው፣ በ1998 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብርን ጀመሩ፤ የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያው ደመወዝም በከፊል በዚያ ተደገፈ። በእነዚህ ዓመታት ወረዳው ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ባለሙያ ቀጠረ፤ የደመወዝ ዝርዝሩም ረዘመ። የሥራ ግብሩም አብሮ አደገ። በሪፖርት ላይ «የክልሉ ገቢ አደገ» ተብሎ የተጻፈው ብዙው ከዚህ የመጣ ነው፤ ንግዱና ምርቱ ባይሰፋም የመንግሥት ቅጥር በሰፋ ቁጥር ገቢው ያድጋል።

የግብሩ እርከን ወደ ታች ሲወርድ (ከ1994 እስከ 2017)

ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የራሳቸውን የግብር ምጣኔ እንዲያወጡ ቢፈቅድም፣ በተግባር የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው ተመሳሳይ አዋጅ ያወጣሉ። በአሜሪካ ቴክሳስና ፍሎሪዳ የደመወዝ ግብር ጨርሶ የላቸውም፤ ካሊፎርኒያ ግን ከፍ ያለ ታስከፍላለች። በእኛ አገር ገዋኔም ደብረ ብርሃንም ያለ ሠራተኛ የሚከፍለው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የምጣኔውን ታሪክ ለማየት የፌዴራሉን ሕግ መከተል ይበቃል።

በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር ድረስ ነፃ ሲሆን፣ ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 5,000 ብር ወደ 580 ዶላር ነው። ያንን የሚያገኝ የወረዳ ሠራተኛ አልነበረም። በ2008ቱ አዋጅ ነፃው ወለል 600 ብር፣ 35 በመቶ የሚጀምርበት ደግሞ 10,900 ብር ሆነ፤ ይህም ወደ 500 ዶላር ነበር። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ወለሉን ወደ 2,000፣ ከፍተኛውን እርከን ወደ 14,000 ብር ከፍ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን 14,000 ብር ወደ 100 ዶላር ወርዷል። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወጣ፤ ከፍተኛው እርከን የሚነካው ሰው ኑሮ ግን ወደ ታች ወረደ። በ1994 ለኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የታሰበው ምጣኔ ዛሬ ከፍ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ይደርሳል።

አንድ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር

በየትኛውም ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሚዘጋጀው ፔሮል ተመሳሳይ ዓምዶች አሉት፦ ጥቅል ደመወዝ፣ የበረሃ አበል፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ ወጪ መጋራት፣ የተጣራ ተከፋይ። ደመወዙ በወጪ መደብ 6111 ይመዘገባል። ጡረታው 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። የበረሃ አበሉ በመመሪያ በተወሰነው መጠን ከግብር ነፃ ነው። የሥራ ግብሩ ተቀንሶ በሌላ መዝገብ ገቢ ሆኖ ይጻፋል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ በዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ የሚሠራ ጥበቃ ወይም ጽዳት ሠራተኛን እንከተል። እስከ 2017 መጀመሪያ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር ነበር፤ በ2008ቱ ሕግ የወር ግብሩ 50 ብር ነው። በጥቅምት 2017 ደመወዙ ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ እርከኑ ስላልተሻሻለ ግብሩ 649 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። በሐምሌ 2017 አዲሱ አዋጅ ሲጀምር 452 ብር ላይ ወረደ። በመስከረም 2018 ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን ግብሩ 700 ብር ደረሰ። ደመወዙ ከአምስት እጥፍ ትንሽ በለጠ፤ ግብሩ 14 እጥፍ ሆነ። ቀድሞ ከደመወዙ ከ5 በመቶ በታች ይከፍል የነበረ ሠራተኛ አሁን 12 በመቶ ገደማ ይከፍላል።

ከሠራተኛው ወገን ሲታይ ይህ በኑሮ ውድነት ላይ የተጨመረ ሸክም ነው። ከክልሉ ወገን ሲታይ ደግሞ ገቢው አድጓል። ነገር ግን ሁለቱን የሂሳብ መዛግብት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ሌላ ሥዕል ይታያል። ክልሉ ከድጎማ 6,000 ብር አውጥቶ 700 ብር መልሶ ይይዛል፤ የወጣበት የተጣራ ወጪ 5,300 ብር ነው። ደመወዙ 11,500 ብር ከሆነ መምህር ደግሞ 2,100 ብር ወደ ካዝናው ይመለሳል። ይህ ገንዘብ ወጪን የሚቀንስ እንጂ ከገዋኔ ገበያ ወይም ከአዋሽ ንግድ የመጣ አዲስ ብር አይደለም። ዕቅዱ «የራስ ገቢ በዚህን ያህል በመቶ አደገ» ሲል ግን የሁለቱ ልዩነት ይጠፋል።

ድርሻው ሲጠብብ (ከ2012 እስከ 2018)

ይህ አካሄድ አደጋ የሚሆነው ድጎማው ከጠቅላላው በጀት ጋር እኩል መሄድ ሲያቅተው ነው። የሆነውም ይኸው ነው። በ2012 የፌዴራሉ በጀት ወደ 387 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው ወደ 141 ቢሊዮን ነበር፤ ከሦስት ብር አንዱ ማለፉ ነው። በ2014 ከ562 ቢሊዮን ውስጥ 204 ቢሊዮን፣ አሁንም 36 በመቶ። በ2015 በጀቱ ወደ 787 ቢሊዮን ሲዘል ድጎማው 209 ቢሊዮን ላይ ቀረ፤ 27 በመቶ ሆነ። በ2017 ከ971 ቢሊዮን ውስጥ 223 ቢሊዮን፣ ማለትም 23 በመቶ፤ ያውም በኋላ የጸደቀው ተጨማሪ በጀት ሳይቆጠር። በ2018 በጀቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲደርስ ድጎማው ወደ 315 ቢሊዮን ነው፤ 16 በመቶ።

በስድስት ዓመት ውስጥ የፌዴራሉ በጀት አምስት እጥፍ ሲሆን ድጎማው ከሁለት እጥፍ ብዙም አላለፈም። ቀሪው ወደ ጦርነት ወጪ፣ ወደ ዕዳ ክፍያ፣ ወደ ነዳጅና ማዳበሪያ ድጎማ ሄዷል። ከ2013 ጀምሮ የተሻሻለው የጋራ ገቢዎች ክፍፍል ለክልሎች የተሻለ ድርሻ መስጠቱ እውነት ነው፤ ጥቅሙ ግን ኩባንያ ላለበት ክልል ይበልጣል። ልዩነቱን ለመረዳት የአዲስ አበባን በጀት ማየት ይበቃል። ከተማዋ ይህንን ድጎማ ሳትቀበል የ2018 በጀቷን 350 ቢሊዮን ብር አድርጋለች፤ ይህ ለክልሎች በሙሉ ከተመደበው ድጎማ ይበልጣል።

በዚሁ ጊዜ የአፋር ወጪ በእጅጉ ጨምሯል። በ2014 ጦርነቱ በአብአላ፣ በበርሃሌና በሌሎች ሰሜናዊ ወረዳዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። በ2017 በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አሥር ሺዎችን ከቀያቸው አስነሳ። ለተፈናቃይ ድንኳን፣ ውኃና እህል ሲፈለግ፣ ከደመወዝ የተረፈው የወረዳ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሚበቃ አይሆንም። ደመወዝ መክፈል ራሱ ሲያቅት ምን እንደሚመስል አገሪቱ በወላይታ አይታለች፤ መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል።

ሌላ የት ይሰበሰባል?

በየዓመቱ ለክልሎች የሚነገረው መልስ «የገቢ አቅማችሁን አሟጣችሁ ተጠቀሙ» የሚል ነው። በአፋር ያሉት በሮች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ታሪክ አላቸው።

የመጀመሪያው በር አነስተኛ ነጋዴ ነው። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ከሦስት ወደ ሁለት አውርዷል። ነገር ግን ጎሚስታውን ወይም ሻይ ቤቱን ምንም ያህል ቢጫኑት የወረዳ ጤና ጣቢያ አይደጉምም።

ሁለተኛው ማዕድን ነው። የአፍዴራ ጨው ከ1990 የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላ፣ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአገሪቱ ዋና ምንጭ ሆነ፤ ለክልሉም ሮያሊቲ ያስገባል። የዳሎል ፖታሽ ግን ተስፋ ሆኖ ቀረ። በ2007 የአላና ኩባንያን የገዛው የእስራኤሉ አይሲኤል፣ ሕጋዊ አይደለም ያለውን የግብር ጥያቄና የመሠረተ ልማት አለመሟላትን ምክንያት አድርጎ በ2009 ፕሮጀክቱን ጥሎ ወጣ። ክርክሩ ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ጋር ነበር፤ ሳይገኝ የቀረው ሥራና ገቢ ግን የአፋር ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ራሱ ነው። በተለያዩ ክልሎች በየኬላው ከጭነት መኪና ገንዘብ የመቀበል ልማድ ሾፌሮችንና ነጋዴዎችን ለዓመታት ሲያማርር ኖሯል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ሕገ ወጥ ኬላዎች እንዲነሱ ደጋግሞ አዟል። ትዕዛዙ ትክክል ነው፤ ኬላ ጭነትን ያስወድዳል፣ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብም ካዝና አይደርስም። ነገር ግን ኬላው የሚበቅልበትን ምክንያትም ማየት ያስፈልጋል፦ በደጁ የሚያልፈውን ንግድ በሕግ መንካት የማይችል አስተዳደር ከሕግ ውጭ ለመንካት ይፈተናል።

አራተኛው በ2017 የጸደቀው የንብረት ግብር ነው። ለሰመራ-ሎጊያና ለአዋሽ ከተማ የተወሰነ ገቢ ሊያመጣ ይችላል፤ ለገዋኔ ግን ገና ሩቅ ነው።

ከዚህ በኋላ

የናይጄሪያ ሕግ የሠራተኛን የደመወዝ ግብር የሚመድበው በመኖሪያ ቦታ ነው። ወታደርን፣ ፖሊስንና ጥቂት ሌሎችን ሳይጨምር፣ የፌዴራል ሠራተኛም ቢሆን ግብሩ የሚገባው ለሚኖርበት ግዛት ነው፤ ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱንና ጤና ጣቢያውን የሚጠቀመው እዚያ ነውና። በእኛ ሕገ መንግሥት ይህን ለማድረግ አንቀጽ 96ን ማሻሻል ይጠይቃል፤ ቀላል አይደለም። ሆኖም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በቀመሩ ውስጥ የሚያልፍ ንግድን፣ የፌዴራል ተቋማትንና የመንገድ ጫናን እንዲያስብ የሚከለክለው ነገር የለም። የአገሪቱን ንግድ የሚያሳልፍ ክልል ለማሳለፉ የሚታሰብለት ነገር ቢኖር፣ የኬላው ፈተናም ይቀንሳል።

እስከዚያው ግን ወጪ የማይጠይቅ አንድ እርምጃ አለ። የክልሉ ምክር ቤት በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ «የራስ ገቢ» የሚለውን መስመር ለሁለት ቢከፍለው ይበቃል፦ ከክልሉ ሠራተኞች ደመወዝ ተቀንሶ የተመለሰው በአንድ ወገን፣ ከነጋዴ፣ ከማዕድን፣ ከመሬትና ከግል ድርጅት ተቀጣሪ የተሰበሰበው በሌላ ወገን። የመጀመሪያው ሲያድግ ደመወዝ ጨምሯል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሲያድግ ኢኮኖሚው አድጓል ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተደባልቀው እስከቀረቡ ድረስ የምክር ቤቱ አባልም፣ የገዋኔ ነጋዴም፣ ግብሩ በፔሮል የሚቀነሰው መምህርም ክልላቸው ራሱን ወደ መቻል እየሄደ ይሁን ከድጎማው ጋር አብሮ እየጠበበ መለየት አይችሉም። ያለፉት ስድስት ዓመታት አኃዝ የሚያመለክተው ወደ ሁለተኛው ነው።